የቡ ቱሚራ ስልክ እና አሥራ አንዱ እሁድ

ቡ ቱሚራ በኢንዶኔዥያ፣ በቱሉንጋጉንግ ገበያ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ቀጥሎ ባለው መደብ ፔቸል ይሸጣሉ፤ «ቡ» የምንላቸው እንደ «እማማ» ለማክበር ነው። ጎመኑንና ባቄላውን ቀቅለው፣ በድንጋይ የደቆሱትን ኦቾሎኒና በርበሬ አፍስሰውበት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያቀብላሉ። ባላቸው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ዊጂ ትባላለች።

እኔ ዳርሶኖ እባላለሁ፤ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ቡ ቱሚራ «ማስ» ይሉኛል፣ «ወንድሜ» እንደ ማለት። ሱቄ ከእሳቸው መደብ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ይህ ታሪክ የእናትና የልጅ ነው፣ እኔ የለሁበትም ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ግን አለሁበት።

ዊጂ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ሆንግ ኮንግ ልትሄድ ስትነሳ እናቷ እምቢ አሉ። ለመኑ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻ ተቆጡ። በመሄጃዋ ቀን አውቶቡሱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከሄድሽ እናቴ ብለሽ እንዳትደውዪ! ብትደውዪም አላነሳም!» አሏት። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ገባች።

ቡ ቱሚራ አፋቸው ችኩል ነው እንጂ ቂም አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ስልካቸውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ነበር።

«ማስ፣ ይቺን መስታወት ቀይርልኝ» አሉኝ። «ልጄ ስትደውል ፊቷን በደንብ ልየው።»

«አላነሳም ብለዋት የለ እንዴ?»

«እናት የምትለውን ሁሉ ብታደርግ ኖሮ ማን ልጅ ያድግ ነበር?» አሉና ሳቁ።

ስክሪኑን ቀየርኩ። ስልኩንም ከመመለሴ በፊት አንዲት አፕ ጫንኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ወር አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬ ከሱራባያ መጥቶ ነበር። «ይቺ አፕ ስልክ የምታጸዳ ናት» አለኝ። «በምትጠግነው ስልክ ሁሉ ላይ ጫናት። ሠላሳ ቀን ሳትጠፋ ለቆየችበት ለእያንዳንዱ ስልክ እከፍልሃለሁ።»

«ባለቤቱ ቢያጠፋትስ?»

«አያገኛትማ» ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ ብቻ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። አልበቃኝም። ከመቶ በሚበልጡ ስልኮች ላይ ጫንኳት። መጀመሪያ ምንም አትሠራም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሁለት ሳምንት ሲሞላት ምልክቷን ከስልኩ ፊት ላይ ትሰውርና ማስታወቂያ መርጨት ትጀምራለች። ቁማር፣ የማቅጠኛ ክኒን፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሴቶች። የምትከፍተው ነገር ሁሉ ላይ እየወጣች፣ እየዘፈነች፣ እየጮኸች። ሰው ስልኩን ይዞ እኔው ዘንድ ይመጣል፤ እኔም አንድ ሁለት የማይረባ ነገር አጥፍቼ፣ ዋናዋን ትቼ፣ «ጸድቷል» እለዋለሁ። በሽታውንም መድኃኒቱንም የምሸጥ ሰው ሆንኩ።

ቡ ቱሚራ ስክሪን ካስቀየሩ ሦስት ሳምንት ከምናምን በኋላ ተመልሰው መጡ። ስልኩን በሻሽ ጠቅልለውታል፤ የሞተ ወፍ የያዙ ይመስላሉ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛው የመስጊዱ ጸሐፊ ፓክ ካስቡላ ነው፤ «ፓክ» «አባባ» እንደ ማለት ነው።

«ማስ ዳርሶኖ፣ ሰው ይውጣልኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምን ሆነው ነው ቡ? እዚሁ ይንገሩኝ፤ ሥራ ይዣለሁ።»

ጠጋ አሉና ተናገሩ። ጎረቤት ቤት ለሟች ዱዓ ተሰብስበው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ሲያወጡት ራቁቷን የሆነች ሴት እየተወዛወዘች ነው። ሊዘጉት ቢነኩት ሌላ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ አዩ። «ቀን ሙሉ ይጮህብኛል። ዘፈን ነው ስል ሴት ነው፤ ሴት ነው ስል ቁማር ነው። ምን ነክቼ ነው ልጄ?»

ያን ጊዜ ልነግራቸው እችል ነበር። ሰው ባይኖር ኖሮ፣ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ውሸቴን ነው፤ ሰው ባይኖርም አልነግራቸውም ነበር። የእሳቸው ስልክ ሠላሳ ቀኑን ሊደፍን ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ጮክ ብዬ እንዲህ አልኩ፦

«ቡ፣ ስልክ እኮ የምናየውን ነው መልሶ የሚያሳየን። ብቻዎን ሲሆኑ ምን እያዩበት ነው?»

ደንበኞቹ ሳቁ። ፓክ ካስቡላ ራሱን ነቀነቀ። «ቡ ቱሚራ! በስተርጅና?»

«እኔ ማንበብ እንኳ አልችልም» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ። «ማንሻውን አረንጓዴና መዝጊያውን ቀይ ብቻ ነው የማውቀው።»

ስልኩን ተቀብዬ አንድ ሁለት ቦታ ነካክቼ መለስኩላቸው። በሻሻቸው ጠቅልለው ወጡ።

ወሬው ከዓሣ ተራ እስከ ልብስ ተራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የሪክሻ ነጂዎቹ ፔቸል ሲገዙ፣ «ቡ፣ ቪዲዮም ጣል አድርጉበት!» ይሏቸዋል። የዱዓ ማኅበሩ ሴቶች መጥራት ተዉ። እሳቸውም መልስ መስጠት ተዉ። ስልኩ ሲጮህ ያወጡታል፣ ሥዕሉ ጥግ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ደጋግመው ይነካሉ፣ ጸጥ ሲል ይከቱታል። ላጠፋው ቢሉ እንኳ አልጨከኑም። «ዊጂ ብትደውልስ?» ይላሉ። ዊጂ ግን አልደወለችም። እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ አልደወለችም።

የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ላስሚ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ከሆንግ ኮንግ ውሏን ጨርሳ ተመለሰች። ከአውሮፕላን በወረደች በሦስተኛው ቀን ቡ ቱሚራ መደብ ፊት ቆማ ስትጮህ ሰማኋት።

«ምን ዓይነት እናት ነዎት? አሥራ አንድ እሁድ! በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ስልኳ የሚሰጣት። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላ አሥራ አንዱንም ጆሮዋ ላይ ዘጉባት!»

«እኔ? በልጄ ላይ? እኔ ዘግቼ አላውቅም!»

«አጠገቧ ተቀምጬ እኮ ነው ያየሁት! ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ቁርጥ! ‹እናቴ ያለችውን አደረገች› አለችኝ። ማልቀስ እንኳ ትታው ነበር።»

ቡ ቱሚራ እጃቸው ላይ ኦቾሎኒው እንዳለ ላስሚን በክንዷ ይዘው ወደ ሱቄ ጎተቷት። «ና ማስ፣ አንተ ታውቃለህ። ይህ ስልክ ማን እንደደወለ ይናገራል አይደል? ለዚች ልጅ አሳያት። ስሜን አጥራልኝ።»

ጥሪዎቹ የተመዘገቡበትን ከፈትኩ። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ቁጥር፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሁሉም እሁድ። ከእያንዳንዱ ጎን ጥሪው ከዚህ በኩል እንደተቋረጠ ተጽፏል። ላስሚ አነበበችላቸው። ቡ ቱሚራ ስልኩን እንደማያውቁት ሰው ፊት አተኩረው አዩት።

«አልዘጋሁም» አሉ። «በባሌ መቃብር አልዘጋሁም።»

ላስሚ ትንሽ አሰበችና የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለችላቸው። እዚያው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስታችንም እያየን የቡ ቱሚራ ስልክ ጮኸ። ወዲያው ጥሪውን የሸፈነ ሥዕል ወጣ፤ ራቁቷን የሆነች ሴት፣ ከነዘፈኗ። ቡ ቱሚራ እንደለመዱት ፊታቸውን አዙረው የመዝጊያ ምልክቷን ቶሎ ቶሎ ነኩ። በመጀመሪያው ንክኪ ሥዕሉ ጠፋ። በሁለተኛው፣ ከሥዕሉ ሥር ልክ እዚያው ቦታ የነበረው ቀዩ ቁልፍ ተነካ። ጥሪው ተቋረጠ።

ቡ ቱሚራ ጣታቸውን እያዩ ቆዩ።

ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ። በትክክል ሲሠራ አራት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ብቻ እንዲያስነሳ አደረግሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ስሟን ለውጣ የተደበቀችውን አፕ አገኘኋት። እንዳትጠፋ የሚጠብቃትን ሥልጣን ነጠቅኋት፤ በሌሎች አፖች ላይ እንድትወጣ የተሰጣትን ፈቃድ ዘጋሁ፤ ከዚያ ደመሰስኳት። ላስሚ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ከመደምሰስህ በፊት ቀን ተጽፎ አይቻለሁ» አለች። «የገባችበት ቀን። ዊጂ በሄደች በሦስተኛው ቀን ነው። ቡ፣ ያን ቀን ስልኩ የት ነበር?»

«እዚህ» አሉ ቡ ቱሚራ። «መስታወቱን ሲቀይርልኝ።»

ሁለቱም አዩኝ። ልዋሽ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ያወጣሁት ግን እውነቱን ነው። ስለ ሱራባያው ሰውዬ፣ ስለ ሠላሳው ቀን፣ በሰው ፊት ያን ነገር ለምን እንደተናገርኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ላስሚ ሰደበችኝ፤ ስድቧን አልደግመውም፣ ይገባኛል። ቡ ቱሚራ አልሰደቡኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያን ቀን ስትስቁብኝ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ቡ።»

ስልካቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቁጥር ቢደውሉ ተዘግቷል። ላስሚ እዚያ ያሉ ጓደኞቿን ስትጠይቅ፣ ዊጂ አሠሪዋን ጥላ ያለ ወረቀት ሌላ ቦታ መግባቷን ነገሯት፤ አድራሻዋን የሚያውቅ አልነበረም። «የምመለስለት ሰው የለኝም» ብላ ነበር አሉ።

እኔ በማግስቱ ለፓክ ካስቡላና ለሪክሻ ነጂዎቹ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። የጫንኩባቸውን ሰዎችም እየዞርኩ ስልኮቹን አጸዳሁ። አንዱ ዓሣ ሻጭ በጥፊ አጮለኝ። ብዙዎቹ አላመኑኝም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልትጭን ነው ብለው ስልካቸውን ሸሸጉ። ፓክ ካስቡላ፣ «እኔ እኮ ስቀልድ ነበር» አለ። ቡ ቱሚራ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አላየሁም። ሐሜት ሲመጣ ይሮጣል፤ ሲመለስ እግር የለውም።

ከሰባት ወር በኋላ የላስሚ ጓደኞች ዊጂን አገኟት። በአዲስ ቁጥር ደወለች። ቡ ቱሚራ ተጣድፈው አነሱ። ማስታወቂያ ነው፣ ሥዕል ነው፣ ቀዩ ከሥር ነበር እያሉ አስረዷት፤ ሲናገሩት ለራሳቸውም ቀልድ መሰላቸው። ልጅቷ ሳቀች አሉ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም።

ስልኩን እንደያዙ ሱቄ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም ነበር። «አንተ ንገራት» አሉኝ።

ተቀብዬ ነገርኳት። እያንዳንዱን። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ እናቷ አንድም ጊዜ እንዳልዘጉባት።

«ጨረስክ?» አለችኝ ዊጂ።

«ጨርሻለሁ።»

«ይህን እንድትል ምን ሰጠችህ?»

«ምንም! ዊጂ፣ እውነቱን ነው። ላስሚን ጠይቂያት።»

«እሺ። ይሁን እንበል» አለች። ድካም ያለበት ድምፅ ነው። «እኔ ያን ጊዜ ታምሜ ነበር፤ ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ነው ስደውል የነበረው። አሁን የማን ጥፋት እንደሆነ ባውቅ ምን ይሠራልኛል? ለእናቴ ደህና ነኝ በላት።»

ዘጋችው።

ቡ ቱሚራ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር። «አመነችህ?»

«ደህና ናት፣ ደህና ነኝ ትላለች» አልኳቸው።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ» አሉ።

አሁን ዊጂ ለዒድ ትደውላለች፣ በዓመት አንዴ። ስለ ሙቀቱና ስለ ዝናቡ ይነጋገራሉ፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስለ መመለስ አታነሳም፤ እናቷም አይጠይቁም። ቡ ቱሚራ እዚያው መደባቸው ላይ አሉ። ፔቸል ስገዛቸው እንደማንኛውም ደንበኛ ጠቅልለው ይሰጡኛል፣ ዋጋውን ይነግሩኛል፤ ሌላ ነገር አንነጋገርም።