ዝቅ ብሎ መቆም

ደግሞ አጎቷ አያ ክንዴ ዛሬን ምን አመጣው፣ ኮላ ድባ ገበያ ይውላል ብላ ነበር እኮ፣ ይኸው የሜዳው አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ከዚህ ሁሉ ሴት ልጅ እናኑን ብቻ ያያል።

አሰልጣኟ በመምቻ ዱላ እየመታች ከምትሰድድላት አምስት ኳስ አንድ ቀርቷታል። ደብሪቱ ከአምስቱ ሦስት ይዛ ጨርሳለች፣ እናኑም ሦስት ይዛለች፣ አራተኛዋ አመለጠቻት፣ ይህችን ከያዘች በሶፍትቦል ቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ የሷ ነው፣ ከሳተች እኩል ይሆናሉ፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ ነባሯ ደብሪቱ ትገባለች።

አራተኛዋ እንዴት አመለጠቻት። የአዘዞ ሜዳ ጠጠር ነው ብላ ልታሳብብ ትችላለች፣ ግን ታውቀዋለች፣ አጎቷን ስታይ ጉልበቷ ገጠመ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሴት ልጅ እግሯን ሰብስባ ነው እምትቀመጥ፣ ሰብስባ ነው እምታጎነብስ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ይኸው ነው፣ ጎንበስ ብላ የኳስ መያዣ ጓንቷን ወደ ጎን ሰደደች፣ ኳሷ ከስሩ ሾልካ ሄደች። ውኃ ልትቀጂ ነው እንዴ፣ አለች ደብሪቱ፣ ሁሉም ሳቁ።

አሰልጣኟ ብርቄ ስንቴ ነገረቻት። እግርሽን ከትከሻሽ አስፊ፣ መቀመጫሽን ዝቅ፣ ጓንቱ ቀድሞ መሬት ይንካ፣ ሌላው እጅሽ ከላይ እንደ መሶብ ክዳን፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ እስክትገባ ዓይንሽን አትንቀይ፣ ፊትሽን ካዞርሽ አለቀልሽ።

ምነው ልጄ! እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ እንጂ! ሰው ያያል! ይላል አያ ክንዴ ከአጥሩ።

መጣ። ሜዳው ሁሉ ሰማ። ቱታ ለብሻለሁ እኮ አያ፣ ቱታ፣ ልትለው ትፈልጋለች፣ እሱስ ሲያጭድ እግሩን ገጥሞ ነው እሚያጭድ፣ አክስቷስ ጤፍ ስታርም እግሯን ገጥማ ነው፣ አረም ሲሆን ነውር የለም፣ አጨዳ ሲሆን ነውር የለም፣ ሥራ ነዋ፣ ይኸም ሥራ ነው፣ የሷ ሥራ።

ብርቄ መምቻውን ታነሳለች።

እናኑ እግሯን ትከፍታለች። አንድ እርምጃ። ሌላ ግማሽ። ትወርዳለች፣ ጭኗ እስኪንቀጠቀጥ፣ ጓንቷ አቧራ እስኪልስ፣ ከአጥሩ በኩል ሳል ይሰማል፣ ይሳል፣ ሳንባው እስኪወጣ ይሳል፣ ኳሷ መጣች፣ አታዞርም፣ ፊቷን አታዞርም፣ ጠጠር ነክታ ነጠረች፣ ደረቷን ጓ፣ ያማል፣ ያማልማ፣ ግን አላለፈቻትም፣ እፊቷ ወደቀች፣ አፈፍ፣ እግሯን ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ሯጭ ወደምትረግጠው ምልክት፣ አዙራ ወረወረች፣ እዚያ የቆመችው የፅዮን ጓንት ጧ አለ።

እሰይ! ገባሽ! በይ ተነሺ፣ ትላለች ብርቄ።

ነይ ወደ ቤት፣ ይላል አያ ክንዴ፣ ነይ ብያለሁ።

እናኑ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ደረቷ ይግላል። እግሯን ከፍታ ትወርዳለች፣ ከቅድሙም ዝቅ ብላ፣ ጀርባዋን ለአጥሩ አትሰጥም፣ ዓይኗን ከፍ አድርጋ አጎቷን ታየዋለች፣ ከዚያ ብርቄን።

እታለም ብርቄ፣ ሌላ ምቺልኝ፣ ጠንከር አድርገሽ።