የሦስት ሰዓት መንገድ

"ዛሬ የለም አልኩዎት እኮ፣ እትዬ ውባንቺ! የጎንደሩ ጠዋት በሯል። ያለው የነገ ነው።"

ውባንቺ የቅቤውን ጣሳ ከጭኗ አላወረደችም። ከጎጃም በረንዳ፣ ከጌሾ መደብሯ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እየሮጠች የመጣችው "የለም" ልትባል አይደለም።

"ደግመሽ እይው፣ ራዲያ። ልጄ ምጥ ላይ ናት እያልኩሽ!"

ትኬት ቆራጯ ራዲያ ለአራተኛ ጊዜ ኮምፒውተሩን አየች።

"በባህር ዳር በኩልስ?"

"እስከ ባህር ዳርም ሞልቷል። ከባህር ዳር ጎንደር እኮ በአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ናት፤ ግን እሱም ዛሬ የለም።"

"በመኪናስ?"

"ከዚያ? ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ምነው፣ ባህር ዳር ሰው አለዎት?"

"የለኝም።"

ነበራት። ታላቅ እህቷ አስናቀች እዚያው ናት። ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት፣ ውባንቺ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍራ አመሻሽ ላይ ስትደርስ ያገኘችው ትኩስ አፈር ነበር። "እህቴ ግማሽ ቀን እኔን መጠበቅ አቃታት!" እንዳለች አለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ስልኳ ጮኸ። አማቿ ብሩክ ነው፤ የልጇ የእምነት ባል።

"እማዬ፣ አዋላጇ እስከ ማታ ትወልዳለች ብላለች። እምነት 'እናቴን' ብቻ ነው የምትለው። እኔ ምን እንደምላት ጠፋኝ።"

"አብሯት የቆመ ሴት የለም?"

"እዚህ ማን አለን፣ እርስዎም ያውቁታል።"

ስልኩን ዘግታ ጣሳውን አየችው፤ ለአራስ ገንፎ ብላ ከወር በፊት ያነጠረችው ቅቤ ነው። የእህቷን ቁጥር ድሮ አጥፍታዋለች። ከጭንቅላቷ ግን አልጠፋም። ደወለች።

"አቤት?"

ድምጿ የእናታቸው ድምፅ ሆኗል።

"እታለም።"

"ውባንቺ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! እምነት ጎንደር ምጥ ላይ ናት። ብቻዋን ናት። እኔ ነገ ነው የምደርሰው።"

የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

"ነጠላዬን ላንሳ፣ ወጣሁ። የባሏን ስልክ ንገሪኝ። የገንፎ ዱቄት አለ?"

"ዱቄት የለም። ቅቤ እኔ ጋ ነው።"

"ዱቄቱን እኔ እይዛለሁ። አንቺ እንዳትሯሯጪ፣ ልብሽን እንዳያምሽ። ከአጠገቧ አልነሳም። እስክትመጪ እጠብቅሻለሁ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አለች ውባንቺ፤ ቁጥሩንም ነገረቻት። ከዚያ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ራዲያ ያላየች መስላ ትኬቱን መሥራት ጀመረች። "ሰው የለኝም ብለውኝ አልነበር?"

"አንቺ ትኬት ቁረጪ፣ ምን አገባሽ!"

ራዲያ ሳቀች። "እሺ፣ የነገውን ይዣለሁ። መመለሻውስ? ከጎንደር ላድርገው?"

"ከባህር ዳር አድርጊው።"

"እንግዲያው ያችን ሃያ ደቂቃም ልያዝልዎት? ከጎንደር ባህር ዳር።"

"አትያዢ። በመኪና ነው የምሄደው፣ ከእህቴ ጋር።"

"ኧረ እትዬ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በመኪና ከሚንገላቱ!"

ውባንቺ ጣሳውን አቅፋ ተነሳች።

"የአራት ዓመት ወሬ አለብን" አለች። "ሃያ ደቂቃ ምኑን ትበቃናለች?"