በቢጫው መስመር ላይ የጠፋው አውቶቡስ

ከዳንዩብ እስከ ባሕሩ ድረስ እንደኔ ቀለም የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም ትመሰክራለች። በቲሳ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን የአውቶቡሶችን መነሻ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስንሠራ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ቭላስቲሚር ነኝ። በስክሪኑ ላይ ተጠቃሚው የነካው መስመር ሐመር ቢጫ ይሆናል፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ስስ ግራጫ። አርባ ቀን አስቤበታለሁ። አብራኝ የምትሠራው ኔቬና “ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ያሰብክበት” ትላለች፤ እሷ ግን ድሮም ቁጥር ላይ ደካማ ናት።

የሙከራውን ቅጂ ለወዳጆች በተንን። “ገና አልበሰለም፣ ለዋና ሥራ አትጠቀሙበት” ብለን ጽፈንበታል፤ ግን በነጻ በመጣ ነገር ላይ ማን ማስጠንቀቂያ ያነባል? የአውቶቡስ ጣቢያው ኃላፊ ስሬተን በማግስቱ ሥራ አስጀመረው።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት በማለዳ በራችንን ደበደበች። ደሳንካ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡሶቹን በድምፅ ማጉያ የጠራች እሷ ናት፤ “ሱቦቲካ!” ስትል የሱቦቲካ ከተማ ውሾች ጆሯቸውን ያቆማሉ። በእጇ አንድ ብልቃጥ አይቫር፣ ከተጠበሰ ቀይ ቃሪያ የሚሠራ ማባያ፣ ይዛለች። እኛ ዘንድ ሊሳደብ የመጣ ሰውም ባዶ እጁን አይመጣም።

“የዚህ ግራጫ ባለቤት ማነው?” አለች ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ በኃይል እያስቀመጠች።

“እኔ ነኝ፣ እትዬ ደሳንካ። ለምስጋና ከሆነ ወረፋ አለ።”

“ምስጋናህን ብላው! ትናንት የሱቦቲካን ሃያ መንገደኛ ወደ ሴንታ ሰደድኩልህ። መስመሩ ላይ አንድ ፊደል አይታየኝም። ስሬተን ‘ዓይንሽ አልቋል፤ አርብ ጡረታ ትወጫለሽ’ አለኝ።”

“ሐኪም አላየሽም?”

“አይቶኛል። ዓይንሽ ደህና ነው አለ። ስሬተን ግን ከሐኪም ይልቅ ኮምፒውተርን ነው የሚያምነው።” ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ቤት ቁጭ ብዬ ማንን ልጥራ? ድመቷን?”

አሳዘነችኝ፤ ግን ኩራቴ ቀደመ። ወደ ስክሪኔ ወሰድኳት። ክፍላችን እንደ ወይን ጠጅ ጓዳ ጨለማ ነው፤ መጋረጃው ሁሌ ወርዷል፣ መስኮቱም ዝግ ነው፤ በእኛ አገር በመስኮትና በበር መካከል የሚያልፍ ነፋስ ሰው እንደሚገድል የማያውቅ ማን አለ?

“ይኸው፣ ሴንታ፣ ሦስተኛ መቆሚያ!” አልኩ ከሩቅ እንደሚነበብ ለማሳየት ወደ በሩ ተመልሼ።

ደሳንካ ጎንበስ አለች። “ይታየኛል!” ብላ ደነገጠች። ቀጥላም፣ “እኔ የምሠራው በሦስት ጎን መስታወት በሆነ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ፀሐይ እንደ ዶሮ ስትጠብሰኝ ነው የምትውለው” ብላ የመጋረጃውን ገመድ ያዘች።

“እትዬ፣ መስኮቱን እንዳትከፍቺው!” አለች ኔቬና አንገቷን በሻርፕ እየጠቀለለች።

“አልከፍትም፤ መጋረጃውን ነው።”

ፀሐይ ገባች። ቢጫው መስመር ባዶ ሆነ።

“በል አንብብ፣ ጭልፊቴ” አለችኝ።

አፍንጫዬ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋሁ። ምንም የለም። “ሴንታ” አልኩ ከትዝታዬ።

“መጋረጃው ሲገለጥ ሌላ መስመር ነክቻለሁ፣ ጋሼ” አለች ኔቬና ከኋላዬ። “ኪኪንዳ ነው።”

“ቀላል ነው፤ አሁኑኑ ፊደሉን ጥቁር አደርገዋለሁ” አልኩ።

“ፊደሉስ ነገ ይታያል” አለች ደሳንካ። “ለስሬተን ማን ይነግረዋል?”

እኔ በሕይወቴ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም፤ ስጠመቅ እንኳ ያለቀስኩት ቄሱ ተሳስቶ ነው። ግን ዓይኗን አየሁት፤ ለአርብ ሁለት ቀን ቀርቷል። ኮቴን አነሳሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስሬተንን በጣቢያው፣ በደሳንካ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ “አንብብ” አልኩት። ዓይኑን አጨነቆረ። “መነጽሬን ረስቼ ነው” አለ።

“አፍንጫህ ላይ ያለው ታዲያ ምንድን ነው? መነጽርህን አድርገሃል!” አለችው ደሳንካ።

ስሬተን አፍሮ፣ “እሺ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ስጡኝ” አለ። መጻፍ ምን ያደርጋል? ማይክሮፎኑን ጨብጬ፣ “መንገደኞች ሆይ! የትናንቱ ስህተት የኔ የቭላስቲሚር ቀለም ነው። የደሳንካ ዓይን አይደለም!” ብዬ ጮኽኩ።

ሠላሳ ሺህ ሰው አጨበጨበልኝ። ኔቬና አሥራ አራት ነበሩ ትላለች። ለስሬተን ግን አሥራ አራትም በቅቶታል፤ የጡረታዋን ወረቀት እዚያው ቀደደው።

ፊደሉንም አጠቆርኩት፤ አርብ ጠዋት መጋረጃዬን ገልጬ፣ መስኮቱንማ እንደዘጋሁ፣ አይቫሩን በዳቦ ስበላ ከጣቢያው በኩል “ሱቦቲካ፣ አንደኛ መቆሚያ!” የሚል ድምፅ መጣ። አንድም የሱቦቲካ መንገደኛ ሴንታ አልሄደም።