በሚካኤል የተዘጋው ሆቴል

ሠላሳ ዓመት ትላለች ይቺ ልጅ፣ ጄን፣ ከባንኩ የተላከችው፣ ሠላሳ ዓመት ትልና ፈገግ፣ ባንኩ የአባል አገሮቹ ነው ማማ፣ ኬንያም ኢትዮጵያም አዋጥተውበታል፣ ለመንገዱ ያበድራል፣ መንግሥት ቀስ እያለ በሠላሳ ዓመት ይከፍላል፣ ወይ ትዕግሥት፣ አረጋሽ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የአቤቱታ መስሚያው አዳራሽ አግዳሚ ወገቧን ቆርጦታል፣ ሠላሳ ዓመት የሚታገሥ ባንክ እሷን አንድ ቀን መታገሥ ያቅተው?

አንድ ቀን። ከሦስት ዓመት በፊት መዝጋቢዎቹ ለመንገዱ የሚፈርሱትን የመንገድ ዳር ቤቶች ሲቆጥሩ ሚካኤል ነበር፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሆቴሏን ዘግታ ከዚህ ከኬንያ ድንበር ተሻግራ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ፣ ስትመለስ በሩ ላይ ቀይ ኤክስ፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ ቤት፣ ለባዶ ቤት ካሳ የለም። ባዶ! ስንት ሾፌር ቁርሱን የሚበላበት ቤት፣ እሷስ የት ትተኛ ኖሯል፣ እነሱ ምን ቸገራቸው፣ ቢሮ በሄደች ቁጥር ናይሮቢ ጠይቂ፣ ንጎጃ ማማ፣ ቆይ፣ ቆይ፣ ደከማት እኮ።

ጎረቤቷ ዳባሶ፣ ከብት ነጋዴው፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ታምሜ ውስጥ ተኝቼ ነበር በያቸው፣ ማዶ ነበርኩ ካልሽ ኗሪነቷ እዚያ ነው ብለው ጭራሽ ይሰርዙሻል፣ እኔ እመሰክርልሻለሁ። ሁለት ቃል ናት፣ ግን በሚካኤል ላይ? ለመዋሸትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

ስሟ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ማዶ፣ በሚካኤል አልከፍትም። አበቃልኝ፣ ምን ዓይነት ጅል አሮጊት ነኝ፣ ዳባሶ ግን ብድግ ይላል፣ እውነቷን ነው፣ በወር አንድ ቀን ሻይ የምናጣው በሷ ሚካኤል ነው፣ ልብስ ሻጯ ፋዱሞም ከኋላ፣ ወላሂ፣ የዛን ቀን እኔም ጾሜን ነው የምውለው፣ ሁሉም ይስቃል፣ የአረጋሽ እንባ ይመጣል፣ ታፍራለች፣ ትወዳቸዋለች።

ጄን ትጽፋለች፣ ትጽፋለች። ጥሩ ነው ማማ፣ አቤቱታዎ ባንኩ ዘንድ ይሄዳል፣ መልሱ ስምንት ወር ቢፈጅ ነው። ቤቱን የሚያፈርሰው ዶዘርስ? ዶዘሩ በሚመጣው ወር ነው፣ እሱ የኮንትራክተሩ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም። መልሱ ሲመጣ የት እናግኝዎት?

እዚያው ሆቴሌ፣ ትላለች አረጋሽ፣ ያለችውን ራሷ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፣ ጄን ግን ጽፋዋለች።