ሁለት ጠብታ ለአንድ ዓይን

ዓይንዎ ይውጣ ሲሉኝ ሳቅሁ። ከኔ በቀር የሳቀ አልነበረም። ግራ ዓይኔን ከሃያ ዓመት በፊት ሚስማር ወስዶታል፤ የቀረኝ ቀኙ ብቻ ነው። ከወር በፊት ደግሞ እንጨት እየላግሁ ሳለ አንዲት ስንጣሪ ገባችበት፣ ከራሷ ጋር ሻጋታ ይዛ። አርባ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬ ሻጋታ ያላየሁበት ጣውላ የለም፤ ዓይን ውስጥ ይበቅላል ብሎ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ዶክተሯ፣ ዕድሜዋ ከልጄ የማይበልጥ ቀጭን ሴት፣ አንድ ጠብታ ሰጠችኝ፤ አልሠራም። ቀየረችው፤ ያም አልሠራም። የዓይኔ ጥቁር ላይ የተቀመጠው ነጭ ነጥብ እየሰፋ ሄደ። ይኼኔ የክፍሉ ኃላፊ፣ ፀጉሩ የሸበተው ቀዶ ሐኪም፣ የስምምነት ወረቀት ይዞ መጣ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ጌታዬ፣ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሕይወትዎ ላይ ነው የሚመጣው።»

«ዓይን የሌለው አናጢ ሕይወቱ ምኑ ላይ ነው? ልጄ እጄን ይዛ ሽንት ቤት ስታደርሰኝ?»

ልጄ አስተማሪ ናት። እጅጌዬን ጎተተችኝ። «አባዬ፣ ቀስ በል፤ ሰውየው አልሰደበህም።» ቀስ ማለት በዘሬም የለ።

ጭቅጭቃችንን ያቋረጠው የላብራቶሪው ሰው ነው። አብቃዩ ይሉታል፤ ከሰው ዓይን የተጫረ ሻጋታ እንደ ጎመን ዘር በሳህን ሲያበቅል ስለሚውል። አንድ ክብ ሳህን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ሞክረው ብላኝ ነው። ይኼ የርስዎ ሻጋታ ነው። እዚህ ጋ የመጀመሪያውን መድኃኒት አደረግሁ፤ ሻጋታው በላዩ ላይ በቀለ። እዚህ ጋ ሁለተኛውን፤ እሱም ላይ በቀለ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ጥግ ግን ይዩት።»

«ለዕውር ሳህን ታሳያለህ?»

ልጄ ጎንበስ ብላ አየችው። «ባዶ ነው፣ አባዬ። እዚህ ጋ ምንም አልበቀለም።»

ዶክተሯ በቀስታ አስረዳችን። አንዱ መድኃኒት የሻጋታውን ግድግዳ ያዳክማል፣ ሌላው ገብቶ ውስጡን ይመታል፤ ለየብቻ ያቃታቸውን አብረው ይችሉታል። ኃላፊው ሳህን ዓይን አይደለም ብሎ አጉረመረመ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት፤ በመጨረሻ አሥር ቀን ሰጠኝ። ትእዛዙ ቀላል ነበር፦ በየሰዓቱ አንዱ ጠብታ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሌላው።

አሁን የምነግራችሁ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሱቄ ውስጥ በሁለት ቱቦ የሚመጣ ኮላ አለ። አንዱን ለብቻው ብትቀባው ዓመት ቢቆይም አይዝም፤ ሁለቱን ስታዋህዳቸው ድንጋይ ይሆናሉ። ዶክተሯ «አብረው ነው የሚሠሩት» ስትለኝ የመጣልኝ ይኸው ኮላ ነው። አምስት ደቂቃ መጠበቁ የሐኪም መንዛዛት መሰለኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ በዳበሳ አንድ ባዶ የጠብታ ጠርሙስ አጠብኩ፣ ከሁለቱም እኩል እኩል ጨመርኩበት፣ በደንብ አድርጌም አዋሃድኩት። ማታ እሷ ከየጠርሙሱ ታደርግልኛለች፣ ቀን እኔ ከራሴ ውህድ አደርጋለሁ። በልቤ ከሐኪም በላይ ሐኪም ሆኛለሁ።

በስድስተኛው ቀን ሲለኩት ነጩ ነጥብ ሰፍቷል።

«አበቃ» አለ ኃላፊው። «ሁለቱም አብረው አልቻሉትም።» ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ኮሪደር ላይ ለምትጠብቀው ሴትዮም እንዳትጀምሪ።» ሴትየዋን አውቃታለሁ። ዓይኗን ጭድ ወግቷት ያው ሻጋታ ይዟታል፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ልጆቿ ስታጫውተኝ ነበር።

ዶክተሯ ተስፋ የቆረጠ ድምፅ ነበራት። «አባባ፣ ለየብቻ ነው ያደረጓቸው አይደል? አንዱ ሳይመጠጥ ሌላው ከነካው ይረጋሉ፣ ሁለቱም ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ።»

«እንዴታ፣ ለየብቻ ነው» አለች ልጄ፣ በኔ ፈንታ።

ክው አልኩ። ጠርሙሱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ልኬት ሲበላሽብኝ እንኳ የምሰድበው ሜትሩን ነው። ግን ዝም ካልኩ የኔ ዓይን ይወጣል፣ የዚያች ሴትዮም ይከተላል፣ ይኼ ሻጋታም አሸነፈ ተብሎ ይጻፍለታል። እሱን አሸናፊ ከማስባል ልዋረድ አልኩና ጠርሙሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ አነሳችው። «እንደ ወተት ረግቷል» አለች።

«አባዬ!» ልጄ ተማሪ የምትቆጣበት ድምፅ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ ለኃላፊው። «ይጻፉት፣ በትልቁ ይጻፉት። መድኃኒቱን ግን ገና ሳይገጥም ተሸነፈ ብለው አይጻፉ። እዚሁ አስተኙኝ። ጠርሙሱን ከእጄ ውሰዱ፣ ከፈለጋችሁ እጄንም እሰሩት። ከዚህ ወንበር ግን ዓይኔን ጥዬ አልነሳም።»

ኃላፊው የስምምነት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አምስት ቀን። የፀጉር ያህል ከሰፋ ይፈርማሉ።»

«እፈርማለሁ» አልኩ።

አምስቱን ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ነርሷ አንዱን ታንጠባጥባለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ሌላውን ትጨምራለች። እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ጥርሴን ነክሼ ሻጋታውን እሰድበዋለሁ።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት፣ አባባ?» አለችኝ።

«ከተከራዬ ጋር። ልቀቅ እያልኩት ነው።»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፉኝ። ዶክተሯ ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ኃላፊው ራሱ ተቀመጠ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። ልጄ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛለች።

«አልሰፋም» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ግማሽ ሚሊሜትር ጠቧል» አለ።

ግማሽ ሚሊሜትር ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን በግማሽ ሚሊሜትር በር ሲገጥምና ሳይገጥም ሲቀር አይቻለሁ።

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ሴትዮዋን ጥሪያት» አላት። «ዛሬውኑ ጀምሪላት።»

በዚያች ቅጽበት ዕንባዬ መጣ። ዶክተሯ ደንግጣ ጎንበስ አለችብኝ። «አያልቅሱ፣ አባባ! አሁን ያደረግንልዎ ጠብታ ይታጠባል!»

አምስት ቀን ሙሉ ያሉኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ይህን ግን እምቢ አልኳት።