መሃል ሰፋሪዋ ሚኒስትር

ቴርሂ ላምፔላ ለፖለቲካ የታጨችው ክንዷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ላም ማህፀን ውስጥ ሳለ ነው። ቀኑ ብርድ ነበር፤ የታውኖ ሃኮላ በረት መስኮቶች በረዶ ለብሰዋል፤ ጥጃው ተገልብጦ መጥቶ አልወጣም ብሏል። ታውኖ የላሚቱን ጭራ ይዞ የእንስሳት ሐኪሟን ቴርሂን ሲያይ ቆየና፣

«አንቺ፣» አላት፣ «ከዚህ ጨለማ ውስጥ እግር ፈልጋ የምትጎትት ሴት፣ ከሄልሲንኪ ለኛ አንድ ነገር ጎትታ ማምጣት ያቅታታል?»

«ዝም ብለህ ጭራዋን ያዝ!»

ጥጃው ወጣ፤ ተነፈሰም። ታውኖ ግን ዝም አላለም። ከግራም ከቀኝም ያልወገነው የመሃሉ ፓርቲ የወረዳ ሊቀመንበር ነበር፤ አባቱም አያቱም የዚያው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ከሐይቁ ወዲህ የሚወለድ የገበሬ ልጅ መጀመሪያ የመሃሉ ፓርቲ አባል ይሆናል፣ ክርስትና የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቴርሂም ቀልዱን እየሰማች ያደገች ናትና፣ በተከታዩ ዓመት ለወረዳው ምክር ቤት ተወዳደረችና አለፈች።

ተሰጥኦዋ ማስታረቅ ነበር። ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤቱ በየትኛው ይሁን ብለው ተጣልተው ሰላምታ ሲነፋፈጉ፣ ትንንሾቹ ልጆች እዚህ፣ ትልልቆቹ እዚያ ይማሩ ብላ አስማማቻቸው። ሁለቱም መንደር ቅር አለው፤ ሁለቱም ግን ተቀበለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ነገር አመነች፦ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከተከፋ፣ ማንም ክፉኛ አይጎዳም።

ለፓርላማ ስትወዳደር ታውኖ ፎቶዋን ትራክተሩ ላይ ለጥፎ መንደር ለመንደር ዞረ። ከፎቶዋ ሥር «ማዋለጃችን አይዘጋም» የሚል ተጽፏል። የታውኖ አንድያ ልጅ ሄልካ ማዋለጃው ባለበት በከተማዋ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቴርሂ ተመረጠች፤ እንደገናም ተመረጠች፤ በሦስተኛው ምርጫ ፓርቲዋ ጥምር መንግሥት ውስጥ ሲገባ የጤና ሚኒስትር ሆነች። ያን ዕለት ታውኖ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ አሙቆ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። «ሚኒስትሯን እኮ ያገኘኋት ከላም ሆድ ውስጥ ነው!» እያለ ሲያስቃቸው ዋለ።

መከራው በሁለተኛው ዓመት መጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ፣ ወሊድ ያነሰባቸው ሦስት ማዋለጃዎች ይዘጉ አለ። በጥምሩ ውስጥ ያሉት ግራዎቹ ደግሞ አንድ እንኳ ከተዘጋ ከመንግሥቱ እንወጣለን አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁለቱንም ሰማና ወደ ቴርሂ ዞረ።

«ይሄ ያንቺ ሙያ ነው» አላት።

ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ሰነበተች። አንዱን ስታለዝብ ሌላው ይገነፍላል። በመጨረሻ የገንዘብ ሚኒስትሩ በአንድ መዘጋት ረካ፤ ግራዎቹም ሁለቱ ከተረፉ እንቆያለን አሉ። ቀሪው ጥያቄ የትኛው ይዘጋ የሚለው ነበር። ሦስቱም ጋ የሚወለደው ሕፃን እምብዛም አይበላለጥም። አንደኛው ግን የእሷው ወረዳ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሪደር ላይ ክንዷን ያዝ አደረገ። «የራስሽን ካተረፍሽ አዳላች ይሉና ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ሦስቱም ይሄዳሉ። የራስሽን ከሰጠሽ ግን ማን አፉን ይከፍታል?»

ቴርሂ በባቡር ወደ አገሯ ስትሄድ፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን ጥድ እያየች ይህን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ነገሩን በየት በኩል ብታዞረው ልክ ሆኖ መጣባት። ሰኞ ተመልሳ የራሷ ማዋለጃ እንዲዘጋ ፈረመች።

ለታውኖ ራሷ ልትነግረው ደወለች።

«ታውኖ፣ ከሬዲዮ ከመስማትህ በፊት ብዬ…»

«ሬዲዮው ቀድሞሻል።»

«ሦስቱም ሊዘጉ ነበር እኮ። ሁለቱን አተረፍኩ።»

«ለማን?» አላትና ዘጋው።

ወረዳዋ ለስብሰባ ጠራት፤ አማካሪዎቿ አትሂጂ ቢሏትም ሄደች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ቆማ ሁሉንም ሳትደብቅ አስረዳች። ድምፅዋ ጥጃ ታምሞብኛል ለሚል ገበሬ እንደምትናገርበት ረጋ ያለ ነበር። ሕዝቡ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«መሃል ሰፋሪ!» አለ አንዱ ከኋላ።

እርጉዝ ሚስቱን አጠገቡ ያስቀመጠ እንጨት ቆራጭ ተነሳ። «እኛ ለሁሉም እኩል የሚሆን ዳኛ አልመረጥንም። የኛን ሰው ነው የመረጥነው። የሌላው ወረዳ ሰው ደግሞ የራሱን ይምረጥ!»

ጭብጨባው ሲበርድ ሄልካ እጇን አወጣች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ቴርሂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኛ ብትሟገቺ ኖሮ ትሸነፊ ነበር?»

«ምናልባት። አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያው ተሸንፈሽ አትመጪም ነበር? ተሸንፈሽ ብትመጪ እኮ በራችን ክፍት ነበር። አንቺ ግን ማንም ሳያሸንፍሽ አንስተሽ ሰጠሽን።»

ቴርሂ ወረቀቶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሰዉ ሲበተን ታውኖ ወንበሮቹን መደርደር ጀመረ፤ የሊቀመንበሩ ሥራ ነውና። ልታግዘው አንድ ወንበር ብታነሳ ከእጇ ተቀበላት።

«ደህና ግቢ፣» አላት ሳያያት፣ «መንገዱ ያንሸራትታል።»

በማግስቱ ሊቀመንበርነቱን ተወ።

ማዋለጃው በመከር ተዘጋ። ሄልካ ለጥቂት ወራት ሌላ ክፍል ውስጥ አረጋውያንን ስታገላብጥ ቆይታ ስዊድን ሥራ አገኘች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ሄደች። የታውኖን እርሻ ይረከባል የተባለው ያ አማች ነበር።

በምርጫው ቴርሂ ወደቀች። ግራዎቹ ሆስፒታል የዘጋች አሏት፤ ቀኞቹ ሁለት ሆስፒታል ለመዝጋት ወኔ ያጣች አሏት። ፓርቲዋም ግማሽ መቀመጫውን አጥቶ ከመንግሥት ወጣ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች።

አዲሱ መንግሥት ሥልጣን በያዘ በተከታዩ ጸደይ፣ የቀሩትን ሁለቱን ማዋለጃዎች በአንድ ቀን ዘጋ። አዳራሽ ገብቶ ያስረዳ ሚኒስትር አልነበረም። ቴርሂ ዜናውን ከሬዲዮ የሰማችው ሱቅ ውስጥ ወተት ይዛ ተራ ስትጠብቅ ነው። ከፊቷ ያሉት ሁለት ሴቶች ሰሙ፤ ዞረውም አላዩዋት። እዚያው ተራዋን ጠብቃ፣ ከፍላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወተቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሞተሩን ማስነሳት አቅቷት ቆየች።

ታውኖ ላሞቹን ሊሸጥ ነው ሲሉ የሰማች ጊዜ ሳትደውል ሄደች። የጭነት መኪናው መጥቶ ሄዷል። ሽማግሌው ባዶው በረት ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ከብት የሌለበት በረት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ቴርሂ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ሁለቱንም ዘጓቸው» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ባልፈርም ሌላ ሰው ይፈርም ነበር ታውኖ።»

«አውቃለሁ። እዚህ ቆሜ ስንቴ አሰብኩት መሰለሽ!» ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ሌላ ሰው ቢፈርም ኖሮ ግን፣ እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር። አንቺን መጥላት አቃተኝ። እንደ ድሮው መውደድም አልቻልኩም። ምን ላድርግሽ?»

የበረቱን በር ዘግቶ ቤቱ ገባ፤ ግቢ አላላትም።

ለቀጣዩ ምርጫ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ደወለላት። ልጅ ቢጤ ነው፤ አያውቃትም ማለት ይቻላል። «ሰው አጥተን ነው እንጂ አናስቸግርዎትም ነበር። እንደማያልፉ እናውቃለን፤ ዕጩ ለመሙላት ያህል ስምዎን ቢሰጡን።»

እምቢ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «እሺ» ነው። በሕይወቷ ሁለት ወገን ማስታረቅን እንጂ እምቢ ማለትን አልለመደችም።

ቅዳሜ ገበያው አደባባይ ላይ የፓርቲውን አረንጓዴ ድንኳን ብቻዋን ተከለች፤ የአተር ሾርባም በትልቅ ድስት አሞቀች፤ የምርጫ ወግ ነው። ካፊያ ይጥላል። ሰዉ ድንኳኑን ሲያይ ወደ ማዶ ይሻገራል። ረፋዱ ላይ አንዲት በከዘራ የሚሄዱ አሮጊት ቀረብ አሉ፤ ዓይናቸው ደካማ ነው። ቴርሂ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ ከጥቁር ዳቦ ጋር። አሮጊቷ ቆመው ጥቂት ማንኪያ ከበሉ በኋላ፣

«ልጄ፣» አሉ፣ «ያቺ ሆስፒታሉን የዘጋችብን ሴትዮ የናንተ አልነበረችም? መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

አሮጊቷ ጠጋ ብለው ፊቷን አዩት። አልተቆጡም። እንዲያውም ያዘኑላት መሰሉ።

«እኔ ደግሞ የሞትሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሳህኑን ግማሹን ትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በከዘራቸው እየተደገፉ አደባባዩን ተሻገሩ።

ቴርሂ እስከ ከሰዓት ቆመች። ከዚያ የተረፈውን ሾርባ ቱቦው ውስጥ ደፋችው፤ ድስቱንም በካፊያው አጥባ ድንኳኑን መንቀል ጀመረች። የድንኳኑ ካስማዎች ጠብቀው ስለነበር የሚያግዛት ሰው ይኖር እንደሁ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። አደባባዩ ባዶ ነበር።