ያላረፈ እግር

ቤተሰቧ «እንዝርት» ይላታል። አንድ ቦታ ተቀምጣ ምግቧን የጨረሰችበትን ቀን እናቷ እንኳ አታስታውስም። ተመራማሪ ከሆነችም በኋላ ይሄው አመሏ አለቀቃትም፤ ስታስብ እግሯ አብሮ ይሄዳል።

ሦስት ቀን ሙሉ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ያለበት ክፍል ውስጥ ስትንቆራጠጥ ከረመች። የምትፈልገው አንዲት የወርቅ ቅንጣት የሌዘር ምት ሲያርፍባት እንዴት እንደምትርገበገብ ማየት ነው። አንዱ እርግብግቢት በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ቢሊዮን ጊዜ ሊደጋገም የሚችል ነው። ስለዚህ ሌዘሩ ቅንጣቷን ደጋግሞ ይመታታል፣ ምስሉን የሚያነሱት ኤሌክትሮኖችም እግር በእግር ይከተሉታል፤ አንዱ ምስል ተጠራቅሞ እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከወጣው አብዛኛው ግን ብዥ ያለ ነበር። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑን ሌሎች ይረከባሉ፤ ተራዋ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው፣ የጥናት ጊዜዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልቃል።

ሌዘሩን ወቀሰች፣ ናሙናውን ወቀሰች፣ በሆዷም ማሽኑን ሃያ ዓመት ሲንከባከቡ የኖሩትን ጋሼን አማቻቸው። ጋሼ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ምስሎቹን ከነሰዓታቸው ደረደሩላት። ከሁሉም የጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ አንዱ ሽንት ቤት ሄዳ፣ አንዱ ውጭ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ አንዱ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አሏት። «የሚነቃነቀው ወለሉ ነው። ወለሉን የምታነቃንቂው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ ደሟ ፈላ፣ ቀጥሎ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። «ውጪ» እንዳይሏት ለመነቻቸው፤ በሌዘሩና በኤሌክትሮኑ መካከል ያለውን ክፍተት ከምስል ምስል የምታስተካክለው እሷ ናት።

ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች። አንዱን እርግብግቢት ከዳር እስከ ዳር ለማየት አሥራ አምስት ምስል ያስፈልጋል። በሁለተኛው ላይ እግሯ ደነዘዘ፤ በአምስተኛው ላይ ጀርባዋን በላት፤ በስምንተኛው ላይ ተነስታ መጮህ አማራት። ምስሎቹ ግን አንድ በአንድ ጥርት ብለው ወጡ። ቅንጣቷ ታብጣለች፣ ትኮማተራለች፣ መልሳ ታብጣለች፤ አንዲት አፍታ አታርፍም።

የመጨረሻው ምስል ተጀመረ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ጉልበቶቿን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ጋሼ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ «አልቅሺ የኔ ልጅ» አሏት። «ብቻ እንዳትነሺ።»